በቀይ የጻፍኩት

ማክሰኞ ጠዋት ወንበሬ ላይ ስቀመጥ ኮምፒውተሩ ተለውጧል። የደንበኛ አቤቱታ ሰምተን አስተያየት የምንጽፍበት ሳጥን አናት ላይ አዳዲስ ምልክቶች ተደርድረዋል፤ ፊደል የሚያወፍር፣ የሚያሰምር፣ ቀለም የሚቀይር። ሰኞ ዕለት ባትሪ እንዳደርስ ሐሙሲት ከተማ ልከውኝ ነበር። ለካ ምልክቶቹን ያን ቀን ነው የጨመሯቸው።

ማንም አልነገረኝም። እኔም አልጠየቅሁም። ድርጅታችን ደብረ ታቦር ላይ ሶላር መሸጥ ሲጀምር አንዋርን ሽቦ መቀጠል ያስተማርኩት እኔ ነኝ፤ ዛሬ አለቃዬ ነው። እኔ ስድስተኛ ክፍል ላይ ስለቆምኩ ስልክ አነሳለሁ። ባለፈው ወር «ጋሽ ደሞዜ፣ ስህተት ከተደገመ ወደ መጋዘን ይመለሳሉ» ብሎኛል። የመጋዘኑን ብርድ ጉልበቴ አይችለውም። ስለዚህ ምልክቶቹ ወጥመድ መሰሉኝ።

ቀዩን ግን ወደድኩት። ልጅ ሆኜ ብራና ጸሐፊ አጎቴ ዘንድ ቀለም እበጠብጥ ነበር። የማርያምንና የቅዱሳንን ስም በጥቁር መጻፍ እሳቸው ዘንድ ነውር ነው። እናም ደንበኛ «ከማርያም ቤተ ክርስቲያን ጀርባ ነኝ፣ አንድ አምፖል አልበራ አለኝ» ሲለኝ ማርያምን ቀይ አደረግኋት። ጊዮርጊስንም፣ ሚካኤልንም እንዲሁ። ከጉና ጤና ኬላ ነርሷ ማስተዋል ደውላ «የክትባት ፍሪጁ ቆሟል» ስትለኝ ግን የአካባቢውን ታቦት ስም አልጠራችም። በጥቁር ጻፍኩት።

ሐሙስ አንዋር አስጠራኝ። የጥገና ሠራተኛው ጌጡ የሞተር ቆቡን ታቅፎ ቆሟል።

«ሦስት ቀን አምፖል ስቀይር ከረምኩ» አለ። «ጋሼ፣ የማርያም ሰፈር ሰው ሁሉ ባንዴ ጨለመበት እንዴ?»

የኮምፒውተር ባለሙያዋ ኢክራም ድምጿን ዝቅ አደረገች። «ቀይ ማለት ዛሬውኑ ይሄድ ማለት ነው፣ ጋሼ። ቴሌግራም ላይ ለጥፌው ነበር።»

«የቱ ቴሌግራም?»

ተያዩ። የመሥሪያ ቤቱ ግሩፕ ውስጥ የለሁም፤ ሁለት ዓመት ሙሉ።

ስለ አጎቴ ነገርኳቸው። ጌጡ ሳቁን በሳል ሸፈነ። በጥቁር የጻፍኩትን የጉናውን ፍሪጅ እስካሁን ማንም ሄዶ አላየውም፤ ማስተዋል ክትባቱን በበረዶ ሳጥን አድርጋ፣ በበቅሎ አውርዳ ባታተርፈው ኖሮ መጋዘን አይበቃኝም ነበር።

«ያላስገባሁዎት እኔ ነኝ» አለ አንዋር። «ጥፋቱ የኔ ነው። ወንበርዎ ላይ ይቀመጡ። ጌጡ፣ አሁኑኑ ወደ ጉና።»

ጥፋቱን እንዲህ በቀላሉ ሲያምን ይበልጥ ጠረጠርኩት።

ኢክራም ስልኬን ተቀብላ ግሩፑ ውስጥ አስገባችኝ። ለምሳ ሲወጡ ብቻዬን ቀረሁና የሁለቱን ዓመት መልእክት ከላይ እስከ ታች አነበብኩ። ምን እንደሚሉኝ፣ ማን እንደሳቀብኝ ላውቅ ስሜን ፈለግሁ። በክፉም በደጉም አንድ ቦታ እንኳ የለም።

አጥፍተውት ይሆናል ብዬ እንደገና ከላይ ጀመርኩ።