የተሳለው መጥረቢያ

እናቱ እንደምትለው፣ መጥረቢያው ከተሳለ ወዲህ ሌላ ነው፤ ዛፉን ገና ሲነካው ይገነድሰዋል። አጎቱ እንደሚሉት ደግሞ ከመሳሉ በፊትም ሰባት ምት፣ ከተሳለ በኋላም ሰባት ምት ነው፤ ቅንጣት ለውጥ የለውም።

የሚከራከሩበት መጥረቢያ ልጁ ሁለት ዓመት ደክሞ በሠራው የኮምፒውተር ጨዋታ ውስጥ ያለ ነው። ጨዋታው በሚቀጥለው ሳምንት ለሕዝብ ሊወጣ ስለሆነ፣ እናቱንና አጎቱን ሳምንት ሙሉ ሳሎን እያስቀመጠ ሲያስሞክራቸው ሰንብቷል። የመሣሪያው ጉልበት በቁጥር አይታይም። «እጅ ይወቀው እንጂ ቁጥር ምን ያደርጋል?» ይል ነበር፤ በዚህም ይኮራ ነበር።

«ጋሼ ደግሞ፣ በአዲስ ነገር መቼ ደስ ብሎዎት ያውቃል?» አለች እናቱ፣ ዓይኗን ከስክሪኑ ሳትነቅል። «ድምፁን አይሰሙም?»

«አርባ ዓመት አናጢ ሆኜ በድምፅ የተቆረጠ እንጨት አላየሁም» አሉ አጎቱ። «ሳምንት ሙሉ ጨዋታው ውስጥ መሳያ ድንጋይ ስትለቅሚ ከርመሽ ያገኘሽው ጩኸት ነው!»

ልጁ ሳቀ። ሰባቱ ምት ግን ከነከነው። ክፍሉ ገብቶ ኮዱን ከፈተ። ድምፁ አለ፤ ብልጭታውም አለ። መጥረቢያው ሲሳል ጉልበት በሚጨመርበት መስመር ላይ ግን «በኋላ እሞላዋለሁ» ብሎ የተዋት ዜሮ እንደተቀመጠች ነበረች። እሱ ሲሞክር ቶሎ ለመጨረስ ጉልበቱን በገዛ እጁ እየጨመረ ስለሚጫወት፣ አንድም ቀን አላስተዋላትም።

በአንድ ደቂቃ ሊያስተካክላት ይችላል። እናቱም ሳታውቅ ደስታዋ እንዳለ ይቀጥላል። ግን ቁጥሩ ስክሪኑ ላይ ተጽፎ ቢሆን ኖሮ፣ ዜሮዋን ቀድሞ የሚያያት እሱ ነበር። እጅ ይወቀው ባዩን የገዛ እጁ አታለለው።

ተመልሶ ነገራት። መቆጣጠሪያውን ጭኗ ላይ አኖረችው።

«ታዲያ ያ ሁሉ ድንጋይ?»

«ከንቱ ቀረ፣ እማዬ። ጥፋቱ የእኔ ነው።»

አጎቱ ጉሮሯቸውን ጠረጉ እንጂ አልሳቁም።

«ቢሆንም» አለች እናቱ፣ «ቁጥር ፊቴ ላይ እንዳትደቅንብኝ። እኔ ዛፍ ልቆርጥ እንጂ ፈተና ልፈተን አልተቀመጥኩም።»

«እኔ ደግሞ ሳላይ አላምንም» አሉ አጎቱ።

ልጁ ሁለቱን ተራ በተራ አያቸው።

«ድንጋይሽን እመልስልሻለሁ» አለ። «ቁጥሩ ደግሞ መጥረቢያው ጀርባ ላይ ይቀረጻል፤ ማየት የፈለገ ገልብጦ ያያል።»