ፊልሙ ውስጥ ያልነበረው ንግግር

እንግዳው የሚባለው ገበሬ የሚጠላ ሰው አልነበረም፤ ሰው ገድሎም አልተጠላም። ሽንፋ ላይ ስሙ ሲነሳ መጀመሪያ ፈገግታ ይመጣል፤ ሟቹ የሚታወሰው ከዚያ በኋላ ነው። ሟቹ ለይኩን ይባላል። በከተማይቱ እንግሊዝኛ የምታስተምረው የየዓለምወርቅ ባል ነበር።

ሁለቱ ሰዎች በሰሊጥ መሬት ይዋሰናሉ። በሰኔ መግቢያ የእንግዳው ትራክተር ወሰን አልፎ ሲያርስ ለይኩን ሊያስቆም ሄደ፤ ተጨቃጨቁ፤ ጥይት ጮኸ። እንግዳው ከዚያ ወዲህ በችሎትም በእስር ቤትም የሚያወራው አንድ ታሪክ ነው። ጠመንጃው ባረቀብኝ ይላል። ለይኩን ከወደቀበት ቀና ብሎ አየኝና ሳቀ፤ "ሰሊጤን ሳልዘራ ገደልከኝ፣ በል እንግዲህ አንተው ዝራልኝ" አለኝ፤ እኔም ሰው ልጠራ ሮጥኩ ይላል። የሟቹን ድምፅ አስመስሎ ስለሚናገር ሰሚው እንባውን እየጠረገ ይስቃል። አልፎ ተርፎም እስር ቤት ሆኖ ዘመዶቹን ልኮ የለይኩንን መሬት አሳረሰ፣ አዘራ፣ ምርቱንም ለሟች እናት ለእመት አሰበች ደጃፍ ድረስ አስጭኖ አስረከበ። ገዳይ ከሆነ አይቀር እንዲህ ነው ተባለለት።

እመት አሰበች በመጀመሪያው ክረምት ምግብ ትተው ነበር። ይህች ጨዋታ ጆሯቸው ስትደርስ ግን ያዟት። ልጄ እኮ እየሳቀ ነው የሄደ ይላሉ ለጠያቂ ሁሉ፤ ሞትን እንኳ ቀልዶበት ነው የሄደ። ከዚያ በኋላ መብላት ጀመሩ።

የዓለምወርቅ ሌላ ነገር ታውቃለች። ለይኩንን ያነሱት በዚያ ያለፉ የጉልበት ሠራተኞች ናቸው፤ በጋሪ ጭነው ቤቱ ሲያደርሱት ነፍሱ ነበረች። "ውሃ ለመንኩት። ትራክተሩ ላይ ተቀምጦ አየኝ" አላት። ከዚያ ወዲያ ቃል አልወጣውም። ይህን ለማንም አልተናገረችም። ለሟቹ ታናሽ ወንድም ለደረበ ብትነግረው ሌላ ሬሳ ይወድቃል። ለአማቷ ብትነግራቸው የቆሙበትን ምርኩዝ መንጠቅ ይሆናል። እናም ጠዋት ጠዋት ጥቁር ልብሷን ለብሳ፣ ጠመኔዋን ይዛ ክፍል ትገባለች፤ ተማሪዎቿም መምህርት እንባ የላትም ይላሉ።

ዘንድሮ፣ ሰሊጡ ታጭዶ በሂላ፣ ነዶው እርስ በርስ ተደጋግፎ፣ ቆሞ በሚደርቅበት ወቅት፣ እንግዳው ተፈታ። ሽማግሎች ወዲያው ደሙን ለማድረቅ ተነሱ። ሁሉም ዕርቁን ይፈልገዋል፤ ደረበም ቢሆን በልቡ ጠመንጃ መሸከሙ ታክቶታል። እስከዚያው ድረስ ደንቡ የታወቀ ነው፤ ገዳይና የሟች ወገን ፊት ለፊት አይተያዩም፣ ቃል አይለዋወጡም። የዕርቁ ዕለት ደግሞ መስቀሉን የሳመ ሁሉ ነገሩን ከእንግዲህ በቀልድም በለቅሶም ላያነሳ ይምላል። የዓለምወርቅን ያስጨነቃት ይህ መሐላ ነበር። እስካሁን ዝም ያለችው በፈቃዷ ነው፤ ከመሐላው በኋላ ግን ዝምታው ግዴታ፣ የእንግዳው ጨዋታም የመጨረሻው ቃል ይሆናል።

ዕርቁ ለእሑድ ተቀጥሮ ሳለ፣ ቅዳሜ ከቀትር በኋላ ባየልኝ መጣ። ባየልኝ የቀድሞ ተማሪዋ ነው፤ የቪዲዮ ቤት ባለቤት ሆኗል። ከደጋ የወረዱት አጫጆች፣ ሳሉግ የሚሏቸው፣ ቅዳሜ ከተማ ሲወጡ አግዳሚ ወንበሩን ይሞሉለታል። ፊልሙን በማይክራፎን እየተከተለ በአማርኛ የሚያወራላቸው እሱ ራሱ ነው። ዛሬ ግን ጉሮሮው ተዘግቶ እንደ አሮጌ በር ይንቋቋል።

"መምህርት፣ ዛሬን ብቻ ያውጡኝ። ቤቱ ሞልቷል" አላት በሹክሹክታ። "ልብስ ሰፊው የሚባለውን ፊልም ካላየን ብለው ወንበር እየደበደቡ ነው።"

"እንግሊዝኛውን እስከ ዛሬ በምን ተረጎምከው?"

"ምን እተረጉማለሁ፤ እፈጥረዋለሁ እንጂ። እርስዎ ግን ያውቁታል።"

ሳታስበው ሳቅ አመለጣትና ሄደች። ከመጋረጃ ጀርባ ከማጫወቻው አጠገብ አስቀመጣት፤ ስክሪኑ ይታያታል፣ ተመልካቹ አይታያትም።

ፊልሙ ጥቁርና ነጭ፣ አሮጌ የፈረንጅ ፊልም ነው። አንድ ጨዋ ልብስ ሰፊ አለ፤ ለደንበኛው ያማረ ሱፍ ይሰፋለታል፣ ያለብሰዋል፣ ይመርቀዋል፣ ከዚያም ይገድለዋል። ሟቹ በዚያው ሱፍ ሲቀበር ከሁሉ አብልጦ የሚያለቅሰው እሱ ነው። የሟች ቤተሰብ ደግሞ የሐዘን ልብስ የሚያሰፋው ከእሱ ዘንድ ስለሆነ ገበያው ደርቷል። ሜትሩን በወገባቸው ላይ እየጠመጠመ እንባው ጠብ ይላል፤ ቁጥሩን ግን አይስትም። የዓለምወርቅ ሰውዬው የሚለውን ሁሉ ሳትጨምር ሳትቀንስ ተረጎመች፤ እንዲያም ሆኖ ቤቱ በሳቅ ተናወጠ። ሰውዬው የሚወደድ ነበር። እሷም ወደደችው፤ ይህም ገረማት።

ያን ጊዜ ከሌላው ሳቅ በላይ አንድ ሳቅ ሰማች፤ ወደ ላይ የሚወጣና ጫፉ ላይ የሚሰበር ሳቅ። ሽንፋ ውስጥ የማያውቀው የለም። የእንግዳው ሳቅ ነበር፤ ከፊት ወንበር ነው የሚመጣው። የለይኩን ወገን ቪዲዮ ቤት እንደማይገባ ያውቃልና ደንብ የጣሰ አልመሰለውም።

ማይክራፎኑን አስቀምጣ መውጣት ትችል ነበር። እጇ ግን አላስቀመጠውም።

በስክሪኑ ላይ አንዲት ሴት ገባች። ባሏን የቀበረች ናት፤ መስታወት ፊት ቆማለች፣ ልብስ ሰፊውም ይለካታል። በፊልሙ ውስጥ አንዲት ቃል አትናገርም። ባየልኝ ይህን ቦታ ሁልጊዜ በወገቧ እየቀለደ ነበር የሚያሳልፈው። የዓለምወርቅ ማይክራፎኑን ወደ አፏ አስጠጋች።

"ባሌ ስቆ ሞተ ብለህ ለአገር አወራህ" አለች፣ ድምፅዋን ሳታነሳ። "አልሳቀም። ውሃ ለመነህ። አንተም ተቀምጠህ አየኸው። እኔ ይህን አውቄ ነው ቀጥ ብዬ የቆምኩልህ፤ በል ለካ።"

ከአጫጆቹ አንዱ፣ በወሎ ቅላጼ፣ እች ሴትዮ እስከ ዛሬ የት ነበረች ብሎ ጠየቀ። የሳቀለት የለም። ከዚያ በኋላ ያለውን እንደ ፊልሙ ጨረሰችው።

ሰዉ ሲወጣ እሷም በጓሮ በር ወጣች። እንግዳው ከባየልኝ ጋር በቤቱ ጥላ ሥር ቆሟል። ሲያያት ፊቱን አዞረ፤ ደንቡን አከበረ። ለባየልኝ የሚናገር መስሎ ግን እሷ እንድትሰማ ድምፁን ከፍ አደረገ።

"ለመምህርት ንገርልኝ፤ ትራክተሩ ይጮህ ነበር። ምን እንዳለ አልሰማሁም በልልኝ።"

ባየልኝ ግራ ገባው። "የምን ትራክተር? ፊልሙ ላይ ትራክተር የለም እኮ" አለው።

እንግዳው የባየልኝን ትከሻ መታ አደረገና "ተማም፣ እሺ፣ እንግዲያው አንተ ዘለኸዋል" ብሎ አሳቀው፤ ሄደ።

የዓለምወርቅ ቀጥታ ወደ ሽማግሎቹ አለቃ ወደ ቄስ ፈረደ ቤት ነጎደች። የትራክተሩ ጩኸት ያላሰበችው ነገር ነበር። ምናልባት እውነቱን ይሆናል፤ ምናልባት ለይኩን ደክሞ ሲያንሾካሹክ ሞተሩ ውጦት ይሆናል። ነገሩን ሁሉ ለቄሱ ነገረቻቸው፤ የምትጠይቀውም አንድ ነገር ብቻ መሆኑን አስረዳች። ከመሐላው በፊት የእንግዳውን እጅ መስቀሉ ላይ አድርገው ትራክተሩ ይሠራ እንደነበር ይጠይቁት።

ቄስ ፈረደ፣ ዕርቅ ቁስል አይነካካም አሉ፤ ከዚያ የልባቸውን ተናገሩ።

"አማትሽ በዚያች ጨዋታ ነው የቆሙት፤ ልጄ፣ ልትጥያቸው ነው?"

"አባ፣ እስክሞት ዝም የምል ከሆነ፣ ዝም የምልበትን ነገር ልወቀው።"

እሑድ ሁለቱ ወገን ከወንዙ ዳር ትልቁ ሾላ ሥር ትይዩ ቆመ። መሣሪያ ሁሉ ቀድሞ ተሰብስቧል። እንግዳው ድንጋይ በማጅራቱ ተሸክሞ ተንበረከከና በደሉን መናገር ጀመረ። ጠመንጃው ባረቀብኝ አለ። ለይኩን ቀና ብሎ አየኝ ሲል ሰዉ ፈገግ ለማለት ከወዲሁ ፊቱን አላላ፤ የእመት አሰበች ከንፈርም ቃሉን ቀድሞ መንቀሳቀስ ጀመረ።

ቄስ ፈረደ እጁን ይዘው መስቀሉ ላይ አደረጉት።

"ትራክተሩ ይሠራ ነበር?"

እንግዳው አንገቱን ይበልጥ ደፋ። ድንጋዩ የከበደው ገና አሁን ይመስል ነበር።

"ጠፍቶ ነበር" አለ። "ውሃ ሲለኝ እሰማለሁ። ቢተርፍ ይበቀለኛል ብዬ ፈራሁ። ሳቀ ያልኩት እኔ ነኝ፤ እሱ አልሳቀም።"

ደረበ ብድግ አለ፤ ሁለት ሽማግሎች ክንዱን ያዙት። እመት አሰበች ግን ደረበንም ገዳዩንም አላዩም። ወደ ምራታቸው ዞሩ።

"አንቺ ታውቂ ኖሯል?"

"አዎ፣ እማዬ።"

"ከመቼ ጀምሮ?"

"ከዚያው ቀን።"

ቄስ ፈረደ ነገሩ ሳይሰፋ ወደ መሐላው ለማለፍ መስቀሉን አነሱ። አሮጊቷ እጃቸውን ዘረጉ።

"ይቆዩ አባ። ይህን መስቀል ከሳምኩ ወዲያ እኔ አልጠይቃት፣ እሷም አትነግረኝ። ልጄ ያለውን አሁን ትንገረኝ።"

ሽማግሎቹ ተያዩ። ለእንዲህ ያለው ነገር የተሠራ ደንብ አልነበረም። አንዱ፣ ይህ ሰው ታዲያ እስከዚያ ድንጋዩን ያውርድ ወይ ብሎ ጠየቀ።

"ተሸክሞ ይስማ" አሉ እመት አሰበች።

ቄስ ፈረደ መስቀሉን ወደ ደረታቸው አስጠግተው የሾላው ሥር ላይ ተቀመጡ። ሌሎቹም አንድ በአንድ ተቀመጡ። የዓለምወርቅ ከአማቷ አጠገብ መሬት ላይ ቁጭ አለች። ከየት እንደምትጀምር አላወቀችም፤ በመጨረሻ ለይኩን ጠዋት ከቤት ከወጣበት ጀመረች።