የዶሮዎቹ ትምህርት ቤት ዕጣ

ቨርኒታ የብርዱን ወራት ሁሉ የከተማዋን ሁለት ቻርተር ትምህርት ቤቶች ስታወዳድር ከረመች። ሁለቱም በመንግሥት ገንዘብ፣ ግን በራሳቸው ደንብ፣ በነጻ ያስተምራሉ፤ ቦታ የሚገኘው ግን በዕጣ ነው። አንደኛው፣ ሂልክረስት፣ ልጆቹን ዩኒፎርም አልብሶ፣ አፍ አስዘግቶ፣ በሰልፍ ያስኬዳል። ሌላው፣ ክሎቨር፣ ዶሮ ያረባል፤ ልጆቹ ቁጥር የሚማሩት እንቁላል እየለቀሙ ነው። የአምስት ዓመቷ ልጇ ጆያ ደግሞ ተኝታም ታወራለች። ሂልክረስት ብትገባ በሳምንቱ ወይ እሷ ወይ አስተማሪዋ ማበዳቸው አይቀርም። ቨርኒታ ልቧ ክሎቨር ላይ ወደቀ።

ታዲያ ይህን ለማን ትንገር? አመልካች ባነሰ ቁጥር የጆያ ዕድል ይሰፋል። ሹሩባ ሠሪ ናትና የሰፈሩ እናት ሁሉ እጇ ላይ ነው። ያንዷን ጸጉር ይዛ፣ «ክሎቨር? ኧረ ተይኝ እህቴ። ዶሮዎቹ የልጅ ዓይን ይነቁራሉ አሉ። ሂልክረስት ነው ትምህርት ቤት ማለት» ትላለች። ጆያ እግሯ ሥር አሻንጉሊቷን እያበጠረች ትሰማለች።

የክሎቨር ዕጣ በሚወጣበት ዕለት ቨርኒታ ባዶ አዳራሽ አገኛለሁ ብላ፣ ልጇን እየጎተተች ገባች። ጢም ብሎ ሞልቷል። ከኋላ የምታየውን ጭንቅላት ሁሉ አወቀችው፤ ሹሩባው ሁሉ የራሷ ሥራ ነው። ደንበኛዋ ላቮን ዞር ብላ ፈገግ አለች።

«አንቺ እንደዚያ ስታጣጥይው ጊዜ፣ በጣም ጥሩ መሆን አለበት ብዬ መጣሁ።»

ቨርኒታ መሬት ተከፍታ ብትውጣት ወደደች። የአመልካቾቹ ቁጥር የተጻፈባቸው የዕጣ ኳሶች መውጣት ጀመሩ። አንዱም የእሷ አይደለም፣ አንዱም የላቮን አይደለም። የመጨረሻው ኳስ ወጣ፤ የጆያ ቁጥር ነበር። ቨርኒታ ቦርሳዋን ወርውራ ዘለለች፣ የማታውቀውን ሰውዬ አቅፋ አሽከረከረችው።

«ልጅቷን ይዘሽ ነይና ፈርሚ፤ አለዚያ ቦታው ለተጠባባቂ ነው» አሉ ርእሰ መምህሯ።

ጆያ ግን ወንበሩን ሙጭጭ ብላ ይዛለች። «አልሄድም። ዓይኔን ይነቁሩኛል።»

«ማን አለሽ የኔ እናት?»

«አንቺ።»

አዳራሹ ሁሉ ወደ እነሱ ዞረ። ቨርኒታ ተንበርክካ በጆሮዋ አንሾካሾከች፤ «ውሸቴን ነው።»

«ለሁሉም ነው የነገርሽው» አለች ጆያ። «እንግዲያው ለሁሉም ንገሪያቸው።»

ላቮን እጇን አጣጥፋ፣ «ጮክ በይ እስቲ፣ ከኋላ ያለነው አልሰማንም» አለች።

ቨርኒታ ተነሣች፤ ፊቷ በርበሬ መስሏል። «ዋሸሁ። ዶሮዎቹ ማንንም አይነኩም። በከተማው እንደዚህ ያለ ትምህርት ቤት የለም፤ ለልጄ ብዬ ከለከልኳችሁ። ይቅር በሉኝ።»

መጀመሪያ አንዷ ሳቀች፣ ከዚያ አዳራሹ በሳቅ ፈረሰ። ጆያ ወንበሩን ለቀቀች። ቨርኒታ ፈርማ ስትመለስ፣ ላቮን ዕጣ ያልወጣለትን ልጇን ይዛ በር ላይ ጠበቀቻት።

«ቅዳሜ እመጣለሁ» አለቻት። «እየሠራሽኝ ስለ ሂልክረስት እውነቱን ትነግሪኛለሽ።»