መጫኛው የበላው ምሰሶ

«ምሰሶውን ከአርብ ገበያ ማዶ ነው ያመጡት፤ በሰው ትከሻ፣ ሦስት ቀን ሙሉ» አሉ አለቃ ትንሣኤ፣ መዳፋቸውን የጽድ ግንዱ ላይ አሳርፈው።

የአቶ ሞላ ሣልስት ነበር። ዝናቡ ለቀስተኛውን ከድንኳን አባሮ ወደ ቤት አስገብቶታል። ማንአለሽ የአባቷን ፎቶ ታቅፋ ግንቡን ተደግፋለች። ወገቧ ላይ የቋጠረችውን ነጠላ ከቀብሩ ቀን ጀምሮ አልፈታችም።

አለቃ ሟችን የሚያወድሱት ቤቱን በማወደስ ነበር። የማንአለሽ ቅድመ አያት በሺህ ዘጠኝ መቶ አምስት ዓመተ ምሕረት ሲያሠሩት ከንፋስ መውጫ ከተማ ወጣ ብሎ ብቻውን የቆመ ነበር፤ ግንቡ ድንጋይ በጭቃና በጭድ፣ ከላይ ሰገነት፣ ከታች የበቅሎ ጋጣ። ከተማው የደረሰበት ኋላ ነው። ሣሩ በቆርቆሮ ተለወጠ፣ ጋጣው ሳሎን ሆነ። ምሰሶው ግን ዛሬም ሰገነቱንም ጣሪያውንም ብቻውን ተሸክሟል።

«ይቺ ስርጉድስ?» አለ አንድ እንግዳ፣ ከጉልበት ከፍ ብሎ ምሰሶውን የዞረውን መስመር እየነካ።

«እሷማ የበቅሎ ማሰሪያ ናት። ሞላ፣ ነፍሱን ይማረውና፣ ለመጣው ሁሉ ያሳያት ነበር።»

«በቅሎዋ እኔ ነኝ፣ አለቃ!»

የማንአለሽ ታናሽ ወንድም ይሁኔ በሩ ላይ ቆሟል። የንፍሮው እንጨት የተፈለጠበትን መጥረቢያ ይዟል።

«ልጄ፣ ኀዘን ላይ ነን፤ አስቀምጠው።»

«ኀዘን? ለማን?»

ሰነዘረ። ስለቱ ምሰሶው ውስጥ ገባ፣ ከሰገነቱ የመቶ ዓመት አቧራ ወረደ። በሁለተኛው ምት የዘለለ ስንጥር የአለቃን ግንባር ቀደደው። ደሙ ጺማቸው ላይ ሲወርድ ሴቶቹ እየጮኹ፣ እየተረጋገጡ ወጡ። አለቃንም ደግፈው አወጧቸው።

ማንአለሽ አልተነሣችም። ያኔ፣ በመጀመሪያው ቀን፣ እሱ ስድስት፣ እሷ አሥር ዓመቷ ነበር። የፋኖስ መስታወት ተሰበረበት።

«መጫኛውን አምጪ። እሰሪው» አላት አባቷ፣ አለንጋውን ከማገሩ እያወረደ።

ወንድሟን ምሰሶውን አሳቅፋ እጁን አላልታ አሰረችው። አባቷ ቋጠሮውን በጣቱ ፈተነው። ከዚያ የአለንጋውን እጀታ ጣቶቿ ላይ አወረደው፤ ሁለቱ ተሰበሩ። ከዚያ ቀን በኋላ፣ ለዓመታት፣ አላልታ አታውቅም።

ሦስተኛው ምት አረፈ። ጣሪያው አቃሰተ።

«ውጪ፣ እታለም! ይጫንሻል!»

«አልወጣም።»

«ለሱ ብለሽ ነው?»

«ለሱ አይደለም።»

«እንግዲያ ለምን?» ድምፁ ተሰነጠቀ። «ደም እስኪቋጥር ነበር እኮ የምታጠብቂው! እየለመንኩሽ!»

ይህን ቃል አንዱ ለሌላው ተናግሮት አያውቅም። ማንአለሽ ፎቶውን መሬት ላይ በግንባሩ ደፋችው። ምሰሶው ሥር ተንበርክካ አቀፈችው፣ የእጆቿን አንጓዎችም ስርጉዱ ውስጥ አስገባች። የተጣመሙት ሁለት ጣቶቿ ከሌሎቹ ተለይተው ቆሙ።

«አጥብቄሃለሁ» አለች። «ጣሪያውን ስትጥለው እዚሁ ያግኘኝ።»

መጥረቢያው ከይሁኔ ራስ በላይ ነበር። ውጭ ሰው ይጮኻል። ማንአለሽ ዐይኗን ጨፈነች።

ብረቱ ከጎኗ መሬት ላይ ወደቀ።

ይሁኔ አጠገቧ ተንበረከከ። እጁ ወገቧን ዳበሰ፣ የነጠላውን ቋጠሮ አገኘው። በጥፍሩ ሞከረው፤ በዝናብና በላብ ጠብቆ እንቢ አለው። ከዚያ ጎንበስ ብሎ፣ እንደ ሕፃን፣ በጥርሱ ያላላው ጀመር።