የጎሹ ነጂ

ሩ-ዪን ባለፈው ዓመት ሙሉ ባትሪ ስትሸከም የከረመችው ዘንድሮ ነጂ ልትሆን ነው። የትምህርት ቤቱ የሮቦት ቡድን ወግ እንዲያ ነበር። አንደኛ ዓመት ትሸከማለህ፣ ትላካለህ፣ ታላላቆችህ ሲነዱ ከኋላ ቆመህ ታጨበጭባለህ፤ ሁለተኛ ዓመት ላይ የሮቦቱ መንጃ ጆይስቲክ እጅህ ይገባል። በታይቹንግ ከተማ ያለ ቡድን ሁሉ እንዲህ ያደርጋል ብላ ታምን ነበር።

አዲሱ የውድድር ዘመን ሲቃረብ ግን ሻው-ቺ የሚባል የአንደኛ ዓመት ልጅ መጣ። ድምፁ በቅጡ ያልጎረነነ፣ የሹራቡ እጅጌ ጣቶቹን የዋጠበት ልጅ ነው። በመጀመሪያው ልምምድ አዲሱን ሮቦት ጎማው ሳይንጫጫ አዙሮ ኳሶቹን ሁሉ ቅርጫት ከተተ። ልጆቹ አፋቸውን ከፍተው ቀሩ። ቀድሞ የወጣን ጆሮ ኋላ የመጣ ቀንድ በለጠው ይሏል ይሄ ነው፤ ጆሮዋ ሩ-ዪን ነበረች፣ እና አንጀቷ አረረ።

ሌሎቹ ሲወጡ ጠብቃ አስተማሪያቸውን ያዘቻቸው።

"ቲቸር፣ ተራው እኮ የኔ ነው።"

"ተራ የሚያዘው ወተት ሻይ ለመግዛት ነው" አሉ ቲቸር ፋንግ። "በይ እንዲህ እናድርግ። እሱ አዲሱን ይንዳ፣ አንቺ ጎሹን ይዘሽ መንገድ ዝጊበት። ቅዳሜ ቁጭ ብዬ አያለሁ። አንቺን ማለፍ ካቃተው ቦታው ያንቺ ነው።"

ጎሹ ያምናው ሮቦት ነው፤ አንድ ጎማው ያነክሳል፣ የፊት መከላከያ ፓራውልቱ በፕላስተር ተጠጋግኗል። ውድድር ላይ ተጋጣሚ ቆሞ አያይም፤ መንገድ ይዘጋል፣ ይገፋል። ስለዚህ ልምምድ ላይም የሚገፋ ያስፈልጋል። አዲሱ ሮቦት ላይ ልጆቹ እንደ አገሩ ልማድ ጠባዩ እንዲያምር፣ እንዳይበላሽ ብለው አረንጓዴ የቺፕስ እሽግ አስረውለታል። የጎሹ እሽግ ጊዜው ካለፈበት ቆይቷል፣ ልቀይርለት ያለም የለም። ሩ-ዪን በቺፕሱም ቀናች።

ሰኞ ምድር ቤት ውስጥ ጀመሩ። ሻው-ቺ ኳስ ይዞ ወደ ቅርጫቱ ሲያቀና ጎሹ ከጎን መጥቶ ግድግዳ ላይ ለጠፈው። እንደገና ሞከረ፤ በዚህ ጊዜ ወደ ግራ ልትሄድ መስላ በቀኝ ደረሰችበት። አንድ ኳስ እንኳ ሳያገባ ሰዓቱ አለቀ። ልጆቹ ሳቁ፣ የሻው-ቺ ጆሮ ቀላ፣ ሩ-ዪን ደግሞ ከከረመባት ንዴት ያን ቀን ተንፈስ አለች።

"እትዬ፣ በየት በኩል እንደምትመጪ በምን ልወቅ?" አላት ልጁ ባትሪ ሲቀይር።

"ስትመታ ታውቀዋለህ።"

ጓደኛዋ ፔይ-ሊን ብሎን እያጠበቀች ይህን ሰምታ ኖሮ፣ በኋላ የሩዝ ሳጥናቸውን ከፍተው ሲበሉ ወሬውን አነሳችው።

"አንቺ ሞኝ፣ ያለሽን ሁሉ ዛሬ አወጣሽው። ለቅዳሜ ምን አስቀረሽ?"

"ገና ብዙ አለኝ።"

"ተይ እንጂ። እስከዚያ ዝም ብለሽ ልቀቂው፤ ይጥገብ፣ ይኩራ። ቅዳሜ ትሰባብሪዋለሽ።"

ምክሩ ወርቅ ነበር። ሩ-ዪንም ማክሰኞ ልትለቀው ቆርጣ ገባች። ሻው-ቺ ሁለት ኳስ አግብቶ ልጆቹ ሲያጨበጭቡለት ግን እጇ አልታዘዝ አላት፤ ጎሹን አስነስታ ከኋላው ገጨችው። ቅናት እንዲህ ነው፣ ለነገ የሚለው ነገር የለም። ረቡዕ ወደ ኋላ እየነዳች የመዝጋትን ዘዴ አወጣች፣ ሐሙስ ጥግ ይዞ ማድፈጥን። ሻው-ቺ በእያንዳንዱ ይያዛል፣ ይቅርታ የሚጠይቅ ይመስል አንገቱን ሰበር ያደርጋል፣ በማግስቱ በዚያው ዘዴ አይያዝም። ዓርብ ዕለት ሦስት ጊዜ አመለጣት። ያን ቀን ሩ-ዪን ምሳዋን አልበላችም።

ቅዳሜ ቲቸር ፋንግ በርጩማ ስበው ተቀመጡ። በግራ አስመስላ በቀኝ መጣች፤ ልጁ በግራ ሄደ። ጥግ ይዛ አደፈጠች፤ ዞሮ አለፈ። ኳሶቹ እየተከታተሉ ሲገቡ ላብ አጠመቃት። በመጨረሻ፣ በሕይወቷ ሞክራው የማታውቀውን፣ እዚያው ቆማ ያሰበችውን አንድ ዘዴ ልታደርግ ጣቷን አነሳች። ጎሹ ገና ሳይንቀሳቀስ ሻው-ቺ በሌላ በኩል ሄዶ ነበር። ልጁ ሮቦቱን ትቶ የእሷን እጅ ነበር የሚያየው። ሳምንቱን ሙሉ ሲያጠና የከረመው እሷን ነው፤ እናቷም እንዲህ አጥንታት አታውቅም።

"እንግዲህ ታየ" አሉ ቲቸር ፋንግ። "ነጂያችን ሻው-ቺ ነው። ሰኞ የት ነበርክ፣ ዛሬ የት ደረስክ? ማን አስተማረህ ይህን ሁሉ?"

ሻው-ቺ ተንኮል የሌለው ልጅ ነው፤ ያ ነው ይበልጥ ያቃጠላት። ዞሮ በሁለት እጁ አመለከታት።

"እትዬ ሩ-ዪን ናት።"

ልጆቹ በሙሉ ተነስተው አጨበጨቡላት። ባትሪ ስትሸከም ዓመት ሙሉ ስታልመው የኖረችው ጭብጨባ ነበር፣ ረጅምና ከልብ የሆነ። ፔይ-ሊን ብቻ አላጨበጨበችም፤ አንገቷን ደፍታ ብሎኖቿን ትለቅም ነበር። ሩ-ዪን እንዳታለቅስ ጥርሷን ነክሳ ፈገግ አለች።

ሻው-ቺ እጅጌውን እየሰበሰበ ጠጋ አላት።

"እትዬ፣ እንደ አንቺ የሚመታኝ አላገኝም። ሰኞም ትመቺኛለሽ አይደል?"

ጆይስቲኩ አሁንም እጇ ላይ ነበር፣ በላብ ርሷል።

"ቦታዬን እስክትለቅልኝ ድረስ" አለችው።

ልጁ ቀልድ መስሎት ሳቀ። እሷ የምሯን ነበር።