ስክሪን የሚሞላ ቅጂ

ልብስ ሰፊዋ የባሏን ወንድም ድሮም አትወደውም። ምን አደረገሽ ብትባል ቆጥራ አትጨርስም። እሱም ቢሆን ገና ከሩቅ ሲያያት ፊቱ ይጠቁራል። ግን ምን ታድርግ፣ በሰፈሩ የቪዲዮ ካሴት ወደ ዲስክ የሚገለብጥ ከሱ ሌላ የለም።

ካሴቱ ደግሞ እንደው ዝም ብሎ ካሴት አይደለም። ሟቹ ባሏ አንድ ጊዜ ለፊልም አጃቢ ተዋናይ ሆኖ ነበር፤ ባቡር ጣቢያ በር ላይ ቆሞ ዞር ይልና ይስቃል፣ አለቀ። ፊልም ቤት ገብተው አብረው አይተውታል። ካሴቱን የፊልሙ ሰዎች የሰጧት እሱ ከሞተ በኋላ ነው፤ የካሴት ማጫወቻ ስለሌላት ሳጥን ውስጥ ከረመ። ልጃቸው ስትወለድ አባት የለም። ፎቶውን ታውቀዋለች እንጂ ሲንቀሳቀስ አንድም ቀን አይታው አታውቅም።

ዲስኩ የመጣ ቀን ልጅቷ ትምህርት ቤት ነበረች። እናት ከፈተችው። ከላይ ጥቁር፣ ከታች ጥቁር፣ ፊልሙ መሀል ላይ እንደ ቀበቶ ቀጥኗል። ፊልም ቤት ያየችው እንዲህ አልነበረማ፤ ደሟ ፈላ። ባሏ ፊልሙ ላይ ብቅ እስኪል እንኳ አልጠበቀችም፣ አጥፍታ ዲስኩን ይዛ ወደ ወንድሙ ሱቅ በረረች።

ደንበኛ ፊት አዋረደችው። የገዛ ወንድምህን ግማሹን በጥቁር ሸፈንከው፣ ድሮም ምቀኛ ነህ አለችው። እሱ ፊልሙ ሲሠራም ወደ ጎን ሰፊ እንደሆነ፣ ጥቁሩ አንድም ነገር እንዳልሸፈነ ሊያስረዳት ሞከረ። ማን ሰምቶት። ዲስኩን ጉልበቷ ላይ ለሁለት ሰበረችና ስክሪኑን የሚሞላ ቅጂ አምጣ አለች።

«እሺ፣ ይሞላልሻል» አለ ጥርሱን ነክሶ።

ሞላላት። እናትና ልጅ ጎን ለጎን ተቀመጡ። ጥቁሩ የለም፣ ሰዉ ሁሉ ገዝፏል። ጣቢያው መጣ። በሩ ግን ግራ ጫፍ ላይ ስለሆነ ግማሹ ተቆርጧል። ከጠርዙ አንድ እጅ ብቅ አለ፣ የበሩን እጀታ ያዘ፣ ተመልሶ ጠፋ። ልጅቷ አባቷ የቱ ጋ እንዳለ ጠየቀች።

እናት ወደ ሱቁ ሮጠች። የመጀመሪያውን ዓይነት ድገምልኝ አለችው። ቀና ብሎም አላያትም።

«ስክሪን ሲሞላ ግራና ቀኙ ይቀራል። ልነግርሽ ነበር፣ መች ሰማሽኝ። ካሴቱ ሻግቶ ነበር፤ ሁለተኛውን ስገለብጥ ማሽኑ ውስጥ ተበጣጠሰ። ወንድሜ ሙሉ ሆኖ የነበረው አንቺ የሰበርሽው ላይ ነው።»

ቤት ስትገባ ልጅቷ ፊልሙን እጁ ብቅ ያለበት ላይ አቁማዋለች። ሌላ ቅጂ አልነበረም ወይ አለቻት።

«ነበረ» አለች እናት፣ ጫማዋን እያወለቀች። «አጎትሽ ሰበረው።»

ልጅቷ ከዚያን ቀን ወዲህ መንገድ ላይ ስታገኘው ፊቷን ታዞራለች። እሱም ምን እንዳደረጋት እስከዛሬ አያውቅም።