የበርች አመድ

ፒሊፕ አተሩን እየፈለፈለ የመለኪያ ዕቃው ውስጥ ይጥላል። ዚናይዳ ከመሣሪያው አጠገብ ቆማ እጁን ታያለች። የመንደሩ ሰው እንጉዳዩንም ወተቱንም ጨረር ይኑርበት አይኑርበት የሚያስለካው እሷ ጋ ነው።

«ወደ አፍዎም እንዳይሄድ፣ አባባ ፒሊፕ።»

«በየትኛው ጥርሴ? ይልቅ ፍጠኚ፤ ልጄ ትደውላለች።»

ልጁ ያድቪጋ ሚንስክ ከተማ ነው የምትኖረው። የጓሮው አተር ንጹሕ ከሆነ ትንሿን ልጇን ዳሪናን ለትምህርት ቤት ዕረፍት ትልክለታለች፤ ካልሆነ አትልክም። ሚስቱ ከሞተች ወዲህ ቤቱ ያደረ እንግዳ የለም። ለልጅቷ አልጋውን ወደ መስኮቱ አዞረው፤ ፀሐይ እንዳይወጋት ብሎ ደግሞ መልሶ አዞረው።

ዚናይዳ ቁጥሩን አየች፤ ደግማ ለካችው።

«ለልጅ አይሆንም።»

«እንደገና ለኪው።»

«ደግሜ ለክቼዋለሁ። መሬቱ ላይ ምን አደረጉበት?»

«ምንም! ኬሚካል አልነካውም። የኅብረት እርሻው ያደለኝን የፖታሽ ማዳበሪያ እንኳ ለሰው ሰጠሁት። እንደ አባቴ የምድጃ አመድ ብቻ ነው የበተንኩበት።»

«የምን እንጨት?»

«በርች ነዋ፤ ከጫካው።»

ወንበር ስባ አጠገቡ ተቀመጠች።

«ጫካው እኮ ከቼርኖቤል ፍንዳታ የመጣውን ጨረር እስካሁን ይዞታል። ዛፉ በሥሩ ይመጠዋል፤ እንጨቱ ሲነድ መርዙ አመዱ ውስጥ ይቀራል። አተሩ ምን ያውቃል፤ ምግቡ መስሎት ይስበዋል። ፖታሹ ቢኖር ኖሮ እሱን ጠግቦ አብዛኛውን ይተወው ነበር።»

«በገዛ እጄ ዘራሁት በይኛ።»

«አላወቁም።»

ቤቱ እንደገባ ስልኩ ጮኸ። ገና አልተለካም ሊላት አስቦ ነበር።

«አይሆንም ተባለ» አላት።

«እንግዲያ ልጅቷን አልልክም» አለች ያድቪጋ።

«ከዚያው የያዘችውን ብቻ ትብላ ብልሽስ?»

«አባዬ፣ ልጅ እኮ ናት፤ እየቀጠፈች መብላቷ ይቀራል? አንተ ለምን አትመጣም?»

«ዶሮዎቹን ለማን ልተው?»

«ለዶሮ ብለህ!»

«እንግዲህ ለከርሞ ይሁን።»

ከእናቷ ጀርባ ዳሪና ስትስቅ ተሰማው። ምን እንዳሳቃት አልጠየቀም።

ከአጥሩ ውጭ ጥልቅ ጉድጓድ ቆፈረ። ለመጪው ዘር ያስቀመጠውን የአመድ ጆንያ ጎትቶ አገባው፤ እንዳይቦን ውሃ አርከፈከፈበት። አፈሩን መልሶ በእግሩ ጠቀጠቀው። አካፋውን በሣር ጠረገና ግድግዳው ላይ አስደገፈው።